«ጅቡቲን ለማየት ስንት ሰዓት ላይ ልውጣ?»

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ጅቡቲ ከተማ የሚጠይቁ ናቸው። አይገርምም። በኮምቦልቻ የሚያልፈው ከባድ መኪና ብዙው የወደብ ጭነት ነው፤ ስሟን ሁሉም ያውቃል፣ ልዝናናባት ብሎ የሚወርድ ግን ጥቂት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ለአንድ ሳምንት ጅቡቲ ልንሄድ አስበናል። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ሐምሌ ይመቸን ነበር። በባቲ በኩል በመኪና ብንወርድስ? — ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ ሐምሌን ይተዉት። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ጅቡቲ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ የምትውልበት ወቅት ነው። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ከየብስ በኩል ኻምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራና ወላፈን ይዞ ይነሳል። የሚመቸው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ቀኑ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ማታ ማታም ደጅ መቀመጥ ያስደስታል። ለልጆቹ የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት ይጠቀሙ።

መንገዱ በኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊና ዲኪል አድርጎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት ያጓጓል፤ ግን አብዛኛው በረሃ ነው፣ ከፊትም ከኋላም ተሳቢ ነው፣ መኪና ቢበላሽ ጥላ የለም። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው አንመክረውም። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በአውሮፕላን ይሻላል፤ ሁለተኛው በረራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ባቡር የሚወድ ደግሞ ከፉሪ ለቡ ወይም ከድሬዳዋ ተሳፍሮ ናጋድ ይወርዳል። ናጋድ ከከተማው ወጣ ያለ ጣቢያ ነውና የታክሲውን ዋጋ ሳይገቡ ይጨርሱ።

ፓስፖርትዎ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። የቪዛውን ጉዳይ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ከኤምባሲው ይጠይቁ፤ ከጎረቤት ወሬ አይነሡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ ከመግቢያዎ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። ወባም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅቡቲ ውስጥ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ዓይነት በከተማ መሀል፣ በቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። «ከተማ ነው፣ ወባ የለም» የሚለው አባባል እዚያ አይሠራም። ስለ መከላከያው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ደሴዎች ይዘነጋሉ። ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ ባሕር ወለል ሲወርዱ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀትር ላይ ከቤት አይውጡ፤ ውሃ ጥም ሳይመጣ ይጠጡ። ሽንት ከጠቆረ ውሃው አንሷል ማለት ነው። ኦ.አር.ኤስ ይያዙ፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ በግማሽ ሊትር አይደለም። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል የታሸገ ይጠጡ።

ጥያቄ፦ የሄዱ ሰዎች «ከተማው ተዘግቶ ነው የዋለው» እያሉ ይመለሳሉ። እንዴት ነው ነገሩ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ከተማው አልተዘጋም፤ የሄዱበት ሰዓት ነው የተበላሸው። ጅቡቲ የጠዋትና የማታ ከተማ ናት። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ እስከ 10 ሰዓት ሱቅ፣ መሥሪያ ቤት፣ ገበያ ሁሉ ይዘጋል። ሰዉ ምሳውን በልቶ ይተኛል፣ ወይም ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። አርፍዶ ተነሥቶ ቁርሱን በልቶ 6 ሰዓት ላይ የወጣ እንግዳ የሚያገኘው የተቆለፈ በርና ፀሐይ ብቻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ይዙሩ፣ ቀትር ላይ ይተኙ፣ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ እንደገና ይውጡ። ማታ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ጎዳናው ሞቅ ያለ ነው።

የሳምንቱ እረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሥራ ነው። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው፤ «ጀልባው በ7 ይነሣል» ከተባለ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ጀልባ የሚያመልጠው ሐበሻ ብዙ ነው። ገንዘባቸው ፍራንክ ነው፤ ከዶላር ጋር የታሠረ ስለሆነ አንድ ዶላር 178 ፍራንክ ገደማ ነው፣ ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጎ የሚመነዝርልዎትን ይለፉት። ኑሮው ከእኛ ይልቅ ውድ መሆኑን አስበው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ስለ የየመን ዓሣ ብዙ ሰምቻለሁ። እንዴት ይታዘዛል? እዚህ ቤቴስ ልሞክረው እችላለሁ? — ከደሴ፣ ፒያሳ

መልስ፦ ከጅቡቲ ምግብ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል እሱን ነው የምንመርጠው። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፣ በርበሬና ቅመም ይቀባል፣ ከዚያ ተኑር በሚሉት ጥልቅ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይወርዳል። ሙቀቱ ኃይለኛ ስለሆነ ቆዳው ይጠቁራል፣ ሥጋው ግን ወዙን እንደያዘ ይበስላል። ቂጣውም እዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል፤ ሲመጣ ከትሪው ይሰፋል። ከጎኑ ቢስባስ የሚሉት የቃሪያና የቲማቲም ስልስ፣ እንዲሁም ሙዝ ወይም ቴምር ከማርና ከትኩስ ቂጣ ጋር የተፈተፈተ ጣፋጭ ይቀርባል። የሚያቃጥለውንና የሚጣፍጠውን እያፈራረቁ መብላት ነው ወጉ።

አስተዛዘዙ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዓሣውን ጥሬውን ይዩ፤ ደህና ቤት ከሆነ አውጥቶ ያሳያል። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ መሆን አለበት። ሽታው የባሕር ነው እንጂ አፍንጫ የሚሰነፍጥ መሆን የለበትም። ዋጋውን ምድጃ ከመግባቱ በፊት ይጨርሱ፤ ከበሰለ በኋላ መከራከር የለም። ለሁለት ሰው አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን በቂ ነው። ልጆች ካሉ ትንንሽ ዓሦች ከማዘዝ አንድ ትልቅ ይሻላል፣ አጥንቱ ትልቅ ስለሆነ ተለይቶ ይወጣል።

ከቱናና ከወገኖቹ ግን ይጠንቀቁ። ጥቁር ሥጋ ያላቸው እነዚህ ዓሦች ያለ በረዶ ሙቀት ላይ ከዋሉ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይጠራቀምባቸዋል፤ እሳት አያጠፋውም። ሚጥሚጣ ሳይነካው ምላስ ላይ የሚያቃጥል ከሆነ ያቁሙ። ፊት መቅላት፣ ራስ ምታትና የልብ ምት መፍጠን ከተከተለ ወደ ክሊኒክ ይሂዱ።

ቤትዎ ለመሞከር የሐይቅ ቆሮሶ ይሆናል። ቅርፊቱ ከተፋቀ በኋላ ከጀርባው በኩል ይሰንጥቁትና ሆድ ዕቃውን ያውጡ፣ የሆዱን ቆዳ ግን አይቁረጡ። ለሁለት ዓሣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ማንኪያ ከሙን፣ ግማሽ ቁንዶ በርበሬና አንድ ማንኪያ በርበሬ ደባልቀው ይቀቡት፤ ሃያ ደቂቃ ይቆይ። ቀጥሎ ነበልባሉ አልቆ አመድ በለበሰ ከሰል ላይ፣ በሽቦ፣ መጀመሪያ በቆዳው በኩል ያብስሉት። ቆሮሶ ስብ የለውም፤ ስለዚህ በመሀል ሁለት ጊዜ ዘይት ካልተቀባ እንደ ባሕር ዓሣው አይሆንም፣ ይደርቃል። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ሲላቀቅ ያውጡት።

ጥያቄ፦ በጾም ቀን ብሄድ ምን እበላለሁ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ፣ አይቸግርሽም። ፉል በየቁርስ ቤቱ አለ፣ ቅቤ እንዳይጨምሩበት አስቀድመሽ ተናገሪ። ላሆህ የሚሉት እንጀራ መሰል ቂጣ አለ። ሳምቡሳ ውስጡ ሥጋ እንደሆነ ሳትጠይቂ አትቁረሺ። ሐበሻ ምግብ ቤትም ስላለ ሽሮና በያይነቱ አይጠፋም። በረመዳን ለሚሄድ ግን ቀን ቀን ምግብ ቤቱ ዝግ ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ያለው ገበታ ደግሞ ከሁሉም ጊዜ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ስኩደካሪስ የሚባለውን የሩዝና የበግ ምግብ ደሴ ላይ ሞክሬ ሩዙ ከላይ ጥሬ፣ ከታች ያረረ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ? — ከደሴ፣ ሸዋ በር

መልስ፦ ከፍታው ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ደሴ ላይ በ92 ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ። ለጅቡቲ የተጻፈው ሰዓትና ውሃ ለደሴ አይበቃም። ሩዙ እስኪበስል ውሃው ተኖ ያልቃል፣ ታች ያለው ያርራል።

ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ፣ ሦስት ኩባያ ባስማቲ ሩዝ፣ ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት፣ ሦስት ቲማቲም፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ያስፈልጋል። ቅመሙ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ አምስት ፍሬ ሄል፣ አራት ቅርንፉድ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ ነው። ሄል ካጡ ኮረሪማ ይሆናል፣ ግን ሁለት ፍሬ ብቻ፤ ከበዛ ምግቡ የወጥ ቅመም ይሸታል። ሥጋውን በዘይት ጠበስ አድርገው ሽንኩርቱን፣ ቅመሙን፣ ቲማቲሙን በተራ ይጨምሩ። ውሃ አልብሰው ይቀቅሉ፤ ደሴ ላይ በተራ ድስት ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ በፕሬሸር ኩከር 35 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሥጋው ሳይለሰልስ ሩዙን አይጨምሩ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሩዙን ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። መረቁን በኩባያ ይለኩ፤ ለአንድ ኩባያ ሩዝ ሁለት ኩባያ መረቅ እንጂ ሌላ ቦታ እንደሚባለው አንድ ተኩል አይደለም። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን በጣም ዝቅ ያድርጉ፣ እርጥብ ፎጣ በክዳኑ ሥር አድርገው አጥብቀው ይክደኑ፣ 25 ደቂቃ አይክፈቱ። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ዐሥር ደቂቃ ይረፍ።

ጥያቄ፦ ከወደቡና ከባሕሩ ሌላ የሚታይ ታሪክ አለ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አለ፣ በእግርም ይደረስበታል። ከምኒልክ አደባባይ ይጀምሩ፤ አሁን የተሰየመው በነፃነታቸው ቀን፣ በ27 ጁን 1977 ነው፣ ሰዉ ግን በቀድሞው ስም ይጠራዋል። ዙሪያውን ያሉት ነጫጭ ቅስቶች ለጌጥ ብቻ አልተሠሩም፤ ሥራቸው ጥላ ነው። ግድግዳውን ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ ልስኑ በተላጠበት ቦታ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ይታያል፣ ከባሕር የወጣ ኮራል ነው። የባሕሩ ጨው ልስኑን ከውስጥ እየገፋ ስለሚጥለው አሮጌዎቹ ቤቶች ዘወትር እድሳት ይፈልጋሉ። ከዚያ ወደ መሐሙድ ሐርቢ አደባባይ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ወደተሠራው የሐሙዲ መስጊድና አጠገቡ ወዳለው ገበያ ይለፉ። ሙስሊም አንባቢዎቻችን እዚያው ሱብሒን ሰግደው ጉዞውን ቢጀምሩ ሰዓቱ ልክ ይመጣል።

አሮጌው የባቡር ጣቢያም አለ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በፊት የሲራራው በር ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ታጁራ ነበረች። ሰባት መስጊዶች አሏት ይባልላታል፤ ሙሉ ቀን ያላችሁ በጀልባ ተሻግራችሁ እዩአት፣ የመመለሻውን ቀንና ሰዓት ግን ሳትሳፈሩ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ አሳል ሐይቅ ላይ መዋኘት ይቻላል? የቦርከና ውሃስ እዚያ ይደርሳል ይባላል፣ እውነት ነው? — ከኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር

መልስ፦ ሁለተኛውን እናስቀድም። ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በድንበሩ ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። አሳል ሌላ ነው። የኮምቦልቻን ውሃ መጨረሻ ማየት ከፈለጉ በዲኪል በኩል፣ በጠንካራ መኪናና ከመሪ ጋር፣ አንድ ሌሊት አድረው አቤን ይዩ። በዳርቻው ከመሬት የተተኮሱ የኖራ ድንጋይ ማማዎች አሉ፤ የደረቀ የሚመስለው ጭቃ ግን ስለሚውጥ መሪውን ቀድመው አይራመዱ።

አሳል ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ጨዋማነቱ የባሕሩን ዐሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ መስመጥ አይቻልም፣ መዋኘትም አይመችም፤ ጀርባ ላይ መንሳፈፍ ነው። የጨው ክሪስታሉ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣልና ጫማ አድርገው ይግቡ። ቁስል ካለ፣ ያን ቀን ጢም ወይም ፀጉር ከተላጩ፣ አይግቡ። ፊት አይነከር። ሲወጡ ለመታጠቢያ ለአንድ ሰው አምስት ሊትር ውሃ ይያዙ፣ ካልታጠቡ ጨውና ፀሐይ ቆዳውን ያነዱታል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ 5 ሰዓት ሳይሞላ መመለስ ነው። በመንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳውን የአርዱኮባን እሳተ ገሞራ ጥቁር አለት ያያሉ።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። ትልቁን ሻርክ ማየት እችላለሁ? — ከደሴ

መልስ፦ ዌል ሻርክ የሚባለው ነው፤ ሰው አይበላም፣ ምግቡ ፕላንክተን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ዳርቻው ይቀርባል። የሕይወት ጃኬት አድርገው ከጀልባው ላይ ሆነው ማየት ይችላሉ፤ ወደ ውሃው መውረድ ግን ለዋናተኛ ይተዉት። የገቡትም ከጭራው አራት ሜትር ይራቁ፣ አይንኩት። ባሕር የሚያዞርዎት ከሆነ መድኃኒቱን ከመነሣትዎ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጡ፤ ጀልባው ላይ ከተጀመረ በኋላ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ፎቶ ማንሳት ይከለከላል? — ከደሴ

መልስ፦ ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውን፣ የመንግሥት ሕንፃዎችንና የጦር ሰፈሮችን አያንሱ፤ ከተማው ዙሪያ የብዙ አገር ጦር አለ፣ ስልክዎን ይወስዱብዎታል። ገበያ ላይ ሰው፣ በተለይ ሴቶችን፣ ሳይጠይቁ አያንሱ። ምግብዎን ግን እንደልብዎ ያንሱ።