ኮንፊግን በኮድ መያዝ፦ የኩበርኔትስ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ኩበርኔትስ አፖችን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያሰማራና የሚያስተዳድር ሲስተም ነው፤ የእሱን ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) መጻፍና የተበላሸውን ማስተካከል የዕለት ሥራዬ ነው። ሰሞኑን ይህን ኮንፊግ ለማዘጋጀት ስለሚያግዙት መሣሪያዎች፣ ስለ ሄልም፣ ስለ ከስተማይዝና መሰሎቻቸው፣ ብዙ ጥያቄ ስለመጣ አንድ ላይ ልመልስ። የትኛውንም መሣሪያ ብትይዙ በመጨረሻ ክላስተሩ (ኩበርኔትስ የሚያስተዳድራቸው ኮምፒውተሮች ስብስብ) ጋ የሚደርሰው ያው ማኒፌስት፣ ማለትም ምን እንዲሮጥ እንደምትፈልጉ የሚገልጸው ፋይል ነው። ስለዚህ መሣሪያው ያወጣውን ሳታነቡ አትላኩ። ይህን ደጋግሜ ስለምለው አትታዘቡኝ።

ጥያቄ፦ ሦስት ትንንሽ ሰርቪሶች አሉኝ። ያምል (ማኒፌስት የሚጻፍበት ቅርጽ) ጽፌ በኩብሲቲኤል፣ በኩበርኔትስ የትዕዛዝ መሣሪያ፣ አፕላይ አደርጋለሁ። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ የፋይል ለውጥ ታሪክ ከሚይዘው መሣሪያ፣ ከጊት ጀምር። ፋይሎቹ ጊት ውስጥ ካልገቡ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። የመሞከሪያውና የፕሮዳክሽኑ ፋይል ሲለያይብህ፣ ያንኑ መስመር ሁለት ቦታ ማረም ሲያስመርርህ፣ ያኔ ከስተማይዝን ያዝ። መጫን እንኳ አያስፈልግህም፤ ከ2019 ጀምሮ፣ ከስሪት 1.14 ወዲህ፣ ኩብሲቲኤል ውስጥ አብሮ አለ። የጋራውን «ቤዝ» ላይ ታስቀምጣለህ፤ የሚለየውን ብቻ «ኦቨርሌይ» ላይ ትጽፋለህ።

ጥያቄ፦ ሄልም ወይስ ከስተማይዝ? ቡድናችን ውስጥ ክርክሩ አላልቅ ብሏል።

መልስ፦ ሁለቱ የተሠሩት ለተለያየ ችግር ነው። ሶፍትዌርን ጠቅልሎ ለማያውቁት ሰው ለመስጠት ሄልምን የሚያህል የለም። ስሪት አለው፣ ወደ ኋላ መመለስም ይችላል። የራሳችሁን አፕ ብቻ የምታሰማሩ ከሆነ ግን እኔ ከስተማይዝን እመርጣለሁ። ሄልም ቴምፕሌቱን (ክፍት ቦታዎቹ በኋላ የሚሞሉትን የማኒፌስት ንድፍ) የሚያየው እንደ ተራ ጽሑፍ ነው። ያምል ደግሞ ትርጉሙ በስፔስ ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ ስፔስ ይቆጥራል።

በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። የአገር ኮድ የሚቀበል ሰርቪስ ነበረን። ለኖርዌይ ኤን እና ኦ የሚሉትን ሁለት ፊደላት ቴምፕሌቱን የሚሞሉት ዋጋዎች ባሉበት ቫልዩስ ፋይል ላይ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ጻፍኩ። የቆየው የያምል ደንብ ይህን ቃል «አይደለም» ብሎ ነው የሚያነበው፤ ፎልስ (ሐሰት) አደረገው። ቴምፕሌቱ ውስጥ ያለው «ኮት» ፈንክሽን ፎልሱን ጥቅስ ውስጥ ከተተና ደህና ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) አስመሰለው። ኩበርኔትስም ዝም ብሎ ተቀበለ። ጥቅሱ ባይኖር ኖሮ «ስትሪንግ ነው የምፈልገው» ብሎ ይመልሰው ነበር። ግማሽ ቀን ሙሉ ኮዱን ስንበረብር ዋልን። «ሄልም ቴምፕሌት» የሚለውን ትዕዛዝ አሂደን የወጣውን ማኒፌስት ስናነብ ግን ወዲያው ታየን።

ብዙ ቡድን ከውጭ የሚያመጣውን በሄልም፣ የራሱን በከስተማይዝ ይይዛል። ያ ምንም ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ የአፑን ቅንብር የሚይዘውን ኮንፊግማፕ ቀየርኩ፤ አፑ ግን አሁንም የድሮውን ነው የሚያነበው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ሆኖ የገባ ዋጋ የሚነበበው ኮንቴይነሩ (አፑ የሚሮጥበት ጥቅል) ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮንፊግማፑ ስለተቀየረ ብቻ ፖዱ (ኮንቴይነሩን የያዘው አሃድ) እንደገና አይነሳም። ከስተማይዝ ለዚህ ጥሩ መላ አለው። በ«ኮንፊግማፕ ጄኔሬተር» ብትሠሪው ስሙ ጫፍ ላይ ከይዘቱ የተሰላ ሃሽ (አጭር መለያ ኮድ) ይቀጥልበታል። ይዘቱ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል፣ ስለዚህ ፖዶቹን የሚያስተዳድረው ዲፕሎይመንት አዲስ ፖድ ያነሳል። በሄልም ከሆነ የኮንፊግማፑን ቼክሰም (ያው ከይዘቱ የሚሰላ ኮድ) የፖዱ አኖቴሽን (ማስታወሻ) ላይ አስገቢ፤ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ያምል ሰለቸን። በታይፕስክሪፕት ወይም በፓይተን ብንጽፈውስ?

መልስ፦ ይቻላል። ሲዲኬኤይትስ የሚባለው መሣሪያ ኮዳችሁን አሂዶ ያምል ያወጣል፤ እዚያው ያበቃል። ፑሉሚ የሚባለው ግን ራሱ ክላስተሩን ያነጋግራል፣ የሠራውንም ስቴት በሚባል መዝገብ ይዞ ይከታተላል። ለእኔ የመጀመሪያው ይቀላል፤ የወጣውን ፋይል ማንበብ እችላለሁና። የምፈራው ሌላ ነው። ሙሉ ቋንቋ እጃችን ሲገባ ሎፕ በሎፕ፣ ክላስ በክላስ እንደራርባለን። ሌሊት ሲስተሙ ሲወድቅ የሚያየው ሰው አንድ ፖርት ለማግኘት አምስት ፋይል ይከፍታል።

መሃል መንገድ ከፈለጋችሁ ኪዩ የሚባለውን የኮንፊግ ቋንቋ ተመልከቱ። ሬፕሊካ (የፖዱ ቅጂዎች ብዛት) ከ1 እስከ 10 ብቻ ይሁን ብላችሁ ብትደነግጉ፣ 100 የጻፈ ሰው ክላስተሩ ጋ ሳይደርስ ይያዛል። ጄይሶኔት የሚባል ሌላ ቋንቋም አለ። በእሱ ላይ የተገነባው ኬሶኔት የተባለ መሣሪያ 2019 ላይ ቢቆምም ቋንቋው ራሱ ዛሬም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በቴራፎርም (ሰርቨርና ክላስተር በኮድ በሚፈጥረው መሣሪያ) ብናደርገውስ?

መልስ፦ ክላስተሩን ፍጠሩበት። ውስጡ የሚሮጡትን አፖች ግን እዚያው አንድ ስቴት ውስጥ አትክተቱ። ክላስተሩ ገና ሳይፈጠር ፕላን (ሊደረግ ያለው ለውጥ ዝርዝር) ለማውጣት ስትሞክሩ ትቸገራላችሁ።

ጥያቄ፦ ሲክሬት (እንደ ይለፍ ቃል ያለውን ምስጢር የሚይዘው ፋይል) ጊት ውስጥ ይቀመጣል? ቤዝ64 ሆኗል እኮ።

መልስ፦ ቤዝ64 ምስጠራ አይደለም፤ ማንም በአንድ ትዕዛዝ ይፈታዋል። በሶፕስ ወይም በሲልድ ሲክሬትስ አመስጥረህ አስገባ። አስቀድመህ ያስገባኸው ካለ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፤ ታሪኩ ውስጥ አለ። የይለፍ ቃሉን ራሱን ቀይር፣ ዛሬውኑ።

ጥያቄ፦ ጭነት በዝቶ ፖዶቹን በእጄ ከ3 ወደ 6 አሳደግኩ። ብዙም ሳይቆይ አርጎ ሲዲ (ክላስተሩን ጊት ላይ ካለው ጋር የሚያመሳስለው መሣሪያ) ወደ 3 መለሰብኝ።

መልስ፦ ሥራውን ነው የሠራው። «ሰልፍ ሂል» የሚባለው በርቷል፤ ጊት 3 ካለ እሱም 3 ነው የሚለው። ቁጥሩን ጊት ላይ ቀይረው። ጭነቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ኤችፒኤ (የፖዶቹን ቁጥር እንደ ጭነቱ በራሱ የሚቀይረው) አድርግና «ሬፕሊካስ» የሚለውን መስመር ከማኒፌስቱ አውጣው፤ አለዚያ ሁለቱ ሲጓተቱ ፖዶችህ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። መስመሩን የምታወጣው ግን ጭነት በሌለበት ሰዓት ይሁን። በዚያች ቅጽበት ቁጥሩ ወደ 1 ሊወርድ ይችላል።