በአባቴ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ጄት

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በገላን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ፣ ጄት አብራሪዎች በሚሠለጥኑበት ክፍል ሜካኒክ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የቀረችኝ አንዲት ፎቶግራፍ ናት፤ በጀርባዋ «ደብረ ዘይት፣ 1954» የሚል የእጅ ጽሑፍ አለባት። አባቴ አውሮፕላኑ ላይ በተደገፈ መሰላል ቆመው ይታያሉ። የአውሮፕላኑ ክንፎች ጫፍ ላይ በርሜል የሚመስሉ ሾጣጣ ነገሮች አሉ፤ በአንድ ረጅም መስታወት ሥር ሁለት መቀመጫ ፊትና ኋላ ተደርድሯል፤ በኋለኛው መቀመጫ ላይ ደግሞ የተጠቀለለ ሸራ አለ። ልጆቼ «ኤፍ-5 ነው» ይሉኛል። እውነት ነውን? የጄት ሥልጠናውስ እንዴት ተጀመረ? ቢሾፍቱ ለዚህ ምን ይመቻል? ሸራው ለምን ያገለግላል?

መልስ፦ ልጆችዎ የተሳሳቱት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው፤ ኤፍ-5ም በክንፎቹ ጫፍ ላይ የነዳጅ ታንክ ይሸከማል። ነገር ግን ኤፍ-5 ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1958 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ የአባትዎ ፎቶግራፍ ቢያንስ በአራት ዓመት ይቀድመዋል። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ቲ-33 ነው። የአሜሪካው ሎክሂድ ኩባንያ አንድ መቀመጫ የነበረውን ፒ-80 ተዋጊ ጄት አካል በአንድ ሜትር ያህል አስረዝሞ፣ ለአስተማሪው መቀመጫ ጨምሮ ሠራው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውም በመጋቢት 1940 ዓ.ም. ነው። በአጠቃላይ ከ6,500 በላይ ተመርቷል። ሆዱ ወፈር ያለው፣ ሞተሩ አየሩን በሰፊ ክብ መዘውር እየወረወረ የሚጨምቅ ዓይነት በመሆኑ ነው፤ ኤፍ-5 ግን ቀጭንና ባለ ሁለት ሞተር ነው። ፎቶግራፏን እንደገና ሲመለከቱ ሆዱን ያስተውሉ።

የጄቱ ሥልጠና ያለ ሰፊ መሠረት አልተጀመረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም በተደረገው ጥረት፣ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ዋነኛ አስተማሪ ሆኖ ከባልደረቦቹ ጋር ቢሾፍቱ ላይ የበረራ ትምህርት ቤቱን መራ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ የሳብ ሳፊር ማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ሳያርፍ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ አስገብቷል። ዕጩ አብራሪዎቻችን የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ያገኙት በእነዚያው ሳፊሮች ነበር። ፎን ሮዘን በ1948 ዓ.ም. ቢሰናበትም ኢትዮጵያን አልረሳም፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ኃይል ጥቃት ሕይወቱ አለፈ። ስለ አየር ኃይላችን ሲነገር ይህ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ቲ-28 የተባለው ባለ ፕሮፔለር ማሠልጠኛ፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማም ቲ-33 መጡ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዕጩ አብራሪ ከሳፊር ወደ ቲ-28፣ ከቲ-28 ወደ ቲ-33፣ በመጨረሻም ወደ ኤፍ-86 ተዋጊ ጄት ይሸጋገር ነበር። ከእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ከባዱ ወደ ቲ-33 መውጣቱ ነው። ፕሮፔለር ያለው ሞተር ጋዝ ሲሰጡት ወዲያው ይጎትታል፤ የዚያን ዘመን ጄት ግን ከዝቅተኛ ኃይል ተነሥቶ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ ብዙ ሴኮንዶች ይፈጅበታል። ለማረፍ እየወረደ ሳለ ሞተሩን ያበረደ ተማሪ፣ ከፍታ እንዳነሰው ተገንዝቦ ጋዙን ቢገፋ ሞተሩ ሳይደርስለት መሬቱ ይደርሳል። ስለዚህ የፍጥነት መግቻውን ዘርግቶ፣ ሞተሩን ከፍ እንዳደረገ መውረድን ይማራል፤ ይህንንም እጁ እስኪለምደው ድረስ ብቻውን አይለቀቅም።

ስለ ቢሾፍቱ ለጠየቁት፣ ቦታው ሜዳ ነው፣ ሰማዩም አብዛኛውን ዓመት ጥርት ያለ ነው። የየረር ተራራና የዝቋላ ተራራ ከሩቅ ስለሚታዩ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆችም ከላይ ሲታዩ ስለማይሳሳቱ፣ ገና መንገዱን የሚማር አብራሪ ያለበትን በዓይኑ ያውቃል። ችግሩ ከፍታው ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብትልም ከባሕር ጠለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። የፍጥነት መለኪያው 200 ሲል አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄደው ወደ 220 በሚጠጋ ፍጥነት ነው፤ ሞተሩም የሚገፋው በቀነሰ ጉልበት ነው። በዚህ የተነሣ ጄቱ ለመነሣትም ሆነ ለመቆም ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ በተለይ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ አየሩን ይበልጥ ሲያሳሳው። እዚህ ሠልጥኖ የወጣ አብራሪ ዝቅ ባለ አገር ማረፍ አይከብደውም።

የሥልጠናው ዋጋ የታየው በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ነው። የሶማሊያ አየር ኃይል ሚግ-21 ነበረው፤ እኛ ደግሞ ጥቂት ኤፍ-5 ነበሩን፣ የአሜሪካ ድጋፍም ተቋርጦ ነበር። ሆኖም እንደ ለገሠ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች የሰማዩን የበላይነት ያዙ። ሰዎች ይህን ለአውሮፕላኑ ይሰጡታል፤ እኔ ግን ለረጅሙ የሥልጠና ዘመን መስጠት ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቱም አውሮፕላን በወራት ይገዛል፣ አብራሪ ግን በዓመታት ነው የሚገኘው።

ቀጥሎ የሶቪየት አውሮፕላኖች ሲመጡ ብዙ ነገር እንደገና መማር ግድ ሆነ። ከፍታ በጫማ ሳይሆን በሜትር፣ ፍጥነትም በሰዓት ኪሎ ሜትር ይነበብ ጀመር። በምዕራባውያን አውሮፕላን ላይ ስትዞር አድማሱን የሚያሳየው መስመር ይጋደማል፤ በሶቪየቱ ግን መስመሩ ቀጥ ብሎ ትንሿ የአውሮፕላን ምስል ናት የምትጋደመው። ደመና ውስጥ ይህን ማምታታት ሕይወት ያስከፍላል። ቲ-33 ይሠራው የነበረውን የማሠልጠን ሥራም በ1970ዎቹ የቼኮዝሎቫኪያው ኤል-39 ተረከበው፤ በእሱም አስተማሪው ከተማሪው ኋላ፣ ከፍ ባለ መቀመጫ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሸራው እንምጣ። ተማሪው በመሣሪያ ብቻ መብረርን ሲማር በኋለኛው መቀመጫ ይቀመጥና ሸራው በላዩ ይዘረጋል፤ ሰማይም መሬትም አይታየውም፣ የሚያየው ሰዓት መሳይ መለኪያዎቹን ብቻ ነው። አስተማሪው ከፊት ሆኖ ውጭውን ይጠብቃል። የተማሪው ሚዛን ጠባቂ ጆሮ «እየዞርክ ነው» ሲለው መለኪያው «ቀጥ ብለሃል» ይለዋል፤ ተማሪው መለኪያውን ማመን እስኪችል ድረስ ደጋግሞ ከሸራው ሥር ይገባል። አባትዎ መሰላሉ ላይ ቆመው የሚታዩት፣ እንግዲህ፣ ለዚህ ትምህርት በተሰናዳ አውሮፕላን አጠገብ ነው።