ለአሮጌ ቤዝ ጊታር የቱ ክር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው ወር ድሮ በኪነት ቡድን ይጫወቱ ከነበሩ አንድ አዛውንት አሮጌ ቤዝ ጊታር ገዛሁ። ጭንቅላቱ ላይ የነበረው ስም ተፍቆ ጠፍቷል፤ ጀርባው ላይ ብቻ የጃፓን ሥራ መሆኑ ይነበባል። ድምፁን ወድጄዋለሁ። ክሮቹ ግን ዝገዋል፣ አንዱ ደግሞ ተበጥሶ በሌላ ዓይነት ተተክቷል። እኔ የምጫወተው ሠርግ ላይና ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የባህል ምሽት ቤት ነው። አንዱ ጓደኛዬ ወፍራም ክር ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ጥርት ብሎ የሚጮህ ይለኛል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ምን ላስመጣ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ! ሰውየውን ከመላክህ በፊት ግን ሜትር ፈልግ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ጭንቅላቱ ሥር ክሮቹ ከሚያርፉባት ቁራጭ (ናት ይሏታል) ተነሥተህ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ለካና በሁለት አባዛው። ግማሹ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ሙሉው 86 ነው፤ ይኼ ረጅሙ፣ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ነው። 38 ገደማ ከሆነ ግን አጭር ቤዝ ነው የገዛኸው። የዚያን ዘመን የጃፓን ቤዞች ብዙዎቹ አጭር ስለነበሩ ያንተም ቢሆን አይገርመኝም።

ለምን ትለካለህ? እኔ ሳልለካ ገዝቼ የሆነውን ልንገርህ። ቤዜ አጭር ነው፣ ያመጣሁት ክር የረጅም። «ትርፉን ቆርጬ እጥለዋለሁ» አልኩ። ክሩ መቃኛው ላይ መጠምጠም ያለበት በቀጭኑ ጫፍ ነበር፤ የእኔ ግን ወፍራሙ ገላ ራሱ ተጠመጠመ። ላዩ ላይ የተጠቀለለው ሽቦ ላላ፣ የወፍራሙ ክር ድምፅ እንደ ደረቅ ቆዳ ሆነ፣ በጥር ሠርግ መሃል ደግሞ ጭራሽ ተበጠሰ። ሌሊቱን በሦስት ክር ገፋሁት። ሙሽራው አላወቀም፣ ከበሮ መቺው ግን እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ስለዚህ ለአጭር ቤዝ ለአጭር የተሠራውን ነው የምትገዛው፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ማሸጊያ ላይ 45–105 የሚል ካየህ ቀጭኑ ክር 0.045 ኢንች፣ ወፍራሙ 0.105 ኢንች ነው ማለት ነው። ለረጅም ቤዝ የተለመደው እሱ ነው። እንዲህ ያሉ አራት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ ባንድ ላይ ከ70 እስከ 80 ኪሎ በሚሆን ኃይል አንገቱን ይጎትቱታል። ሦስት ሩብ ኩንታል የአዴት ጤፍ አሮጌው አንገት ላይ ቀንና ሌሊት ተንጠልጥሎ እንደማለት ነው! ያው ክር አጭር ቤዝ ላይ ሲሆን ጉተታው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ወፍራም ግዛ ያለህ ጓደኛህ ያንተን ቤዝ አንገት አላየም መሰለኝ።

አንገቱን እንዲህ ፈትሽ፦ ወፍራሙን ክር መጀመሪያው ፍሬትና መጨረሻው ፍሬት ላይ ባንድ ጊዜ ተጫን፣ ከዚያ 7ኛውና 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ። ጠንከር ያለ የስም ካርድ የሚያህል ከሆነ ሰላም ነው። የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ከሆነ ግን አንገቱ ጎብጧል፤ ውስጡ የሚስተካከል ብረት ካለው የሚያውቅ ሰው ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያለ ያጥብቅልህ። አንዳንድ አሮጌ ቤዝ ደግሞ የሚስተካከል ብረት ጭራሽ የለውም። እንዲህ ከሆነ ከ40–100 አትለፍ።

የቀረው ዓይነቱ ነው፣ እኔ እንኳ በዚህ ጉዳይ ስጀምር አላቆምም። ሁለት ዋና ዓይነት አለ። ራውንድ የሚባለው ላዩ በክብ ሽቦ የተጠቀለለ ሲሆን ጥፍርህን ስትጎትትበት ክርር ይላል። ፍላት የሚባለው በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለ ነው፣ ጥፍርህ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የድሮ ቤዞች ከፋብሪካ ሲወጡ ፍላት ነበር የሚታሰርላቸው። ጥርት ብሎ የሚጮኸው ራውንድ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፣ በተለይ በ1966 የእንግሊዙ ክር ፋብሪካ ሮቶሳውንድ ከዘ ሁ ባንዱ ቤዝ ተጫዋች ከጆን ኤንትዊስል ጋር ሆኖ ክሩን ካሻሻለ በኋላ። በሌላ በኩል ሞታውን በሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤት ቤዝ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጄመርሰን ፍላቱን ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል፤ አሮጌው ክር ነው ያን ድምፅ የሰጠው።

ላንተ ፍላት ነው የምለው። ችክችካ ስትጫወት ቤዙ ድም ብሎ ቶሎ ዝም ሲል ከከበሮው ጋር ይገጥማል፣ የሚጮህ ክር ከሆነ ግን አንዱ ድምፅ ሳይሞት ሌላው ይመጣና ክራሩንም ኪቦርዱንም ያደናግራል። ፍሬቶቹም አርጅተዋል፣ ፍላት እንደ ራውንድ አይበላቸውም። በተለይ የማይዝግ ብረት የሆነውን ራውንድ አታስጠጋው፣ ሞረድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ የብረት ፍላት ውፍረቱ እኩል ቢሆንም ከራውንድ ይልቅ ጠንከር ብሎ የሚወጠር ስለሚሆን ጉተታው ዝቅ ያለውን ምረጥ። ክሩን በአውራ ጣትህ የምትመታበት ዘመናዊ ነገር (ስላፕ ይሉታል) ካማረህ ያን ጊዜ ራውንድ፣ ኒኬል የተቀባውን።

ስታስር አራቱንም ባንዴ አትፍታ። አንዱን አውልቀህ አንዱን እሰር፣ አንገቱ እንዳይደነግጥ። ትርፉን ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ ክሩን በ90 ዲግሪ እጠፈው፣ ካልሆነ ጥቅሉ ይተረተራል። አዲሱ ክር ከድሮው ከቀጠነ ናቷ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ከወፈረ ደግሞ አይገባም፣ ቦዩን በቀጭን ሞረድ ማስፋት ያስፈልጋል። እሱን ራስህ አትሞክረው። አዲስ አበባ ሥራ አግኝተህ ይዘኸው ስትወርድም ከደጀን በታች ያለው የዓባይ በረሃ ሙቀት ቅኝቱን ያዛባዋል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አታስጭነው፣ ፀሐይ ላይም አታስቀምጠው። ስትደርስ ጥቂት አሳርፈውና ከዚያ ቃኘው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነኝ። የቤዝ ክር ተቀቅሎ ይታደሳል የሚሉኝ እውነት ነው ወይስ እየቀለዱብኝ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ ግን ለራውንድ ብቻ። በጥቅሉ መካከል የገባው ላብና እድፍ ነው ድምፁን የሚያፍነው፣ ፈልቶ ሲወጣ ክሩ ለጥቂት ቀን ይነቃል። አሥር ደቂቃ አፍልተሽ በደንብ አድርቂው። እየፈቱ ማሰሩ ራሱ ስለሚያደክመው ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አታድርጊው። ፍላት ግን አትቀቅዪ፣ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። እና እባክሽ፣ በእናትሽ የሽሮ ድስት አይሁን።