የዛገች ሸራ ጣሪያ ቮልስ በቤት ውስጥ ስለ ማደስ፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን በሚገኘው ግቢዬ ውስጥ ጣሪያዋ የሚታጠፍ አንዲት ቮልስዋገን ካደስኩ ወዲህ፣ በሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ከተሞች ተመሳሳይ መኪና ያላቸው ሰዎች ብዙ ጥያቄ አቅርበውልኛል። እዚህ የምመልሰው ደጋግመው የመጡትን ነው። ይህች ዓይነት መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1949 እስከ 1980 በጀርመን አገር፣ ኦስናብሩክ ከተማ፣ በካርማን ፋብሪካ የተሠራች ናት። ሞተሯ የብረት ጣሪያ ካላት ከተራዋ ቮልስ ጋር አንድ ቢሆንም አካሏ ግን ይለያል፤ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገርም ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ አባቴ ትተውልኝ ያለፉት መኪና ከዐሥር ዓመት በላይ ቆማለች። የዝገቱን መጠን በምን ልወቀው?

የአባትዎን ነፍስ ይማር። ቀለሙን ሳይነኩ አስቀድመው ወለሉን ይመርምሩ። ምንጣፉንና የኋላ ወንበሩን ያውጡ፤ ባትሪው በቀኝ በኩል ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ፣ ከእርሱ የሚፈስሰው አሲድ ቀድሞ የሚበላው የዚያን ቦታ ላሜራ ነው። ከዚያም በካቻቢቴ እጀታ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር መታ መታ ያድርጉ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። የታፈነውን በካቻቢቴው ጫፍ ሲጫኑት ከተበሳ፣ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ከመተካት በቀር መድኃኒት የለውም። ካልተበሳና ላዩ ብቻ ከቀላ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል።

በአውሮፓ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን መኪና ከሥር ወደ ላይ ይበላል። በእኛ አገር ያየኋቸው ግን በአብዛኛው ከውስጥ ወደ ውጭ የተበሉ ናቸው፤ ያረጀ ሸራ ያሳለፈው ዝናብ ምንጣፉን ያርሰዋል፣ ምንጣፉም ክረምቱን ሙሉ ውሃውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ መኪናዋን ዛሬውኑ ከሣር ላይ አንሥተው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ያቁሟት፤ እርጥቡንም ምንጣፍ አይመልሱት።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን መሰል ብረት በሁለቱም ጎን ተበልቷል። ወንድሜ ብየዳ ያውቃል። ቆርጠን ብንተካው ምን ይቸግራል?

ከሁሉም ጥያቄዎች እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በተራዋ መኪና የፊቱንና የኋላውን አካል ከላይ አያይዞ የሚይዘው የብረቱ ጣሪያ ነው። የእናንተ መኪና ጣሪያዋ ሸራ ስለ ሆነ፣ ሸክሙ ሁሉ የወደቀው በወለሉና በዚያ ሳጥን ላይ ነው፤ ፋብሪካውም ይህን አስቦ ከሳጥኑ ሥር ተጨማሪ ማጠናከሪያ ብረት በይዶበታል። ሳጥኑን ሳይደግፉ መቁረጥ የመኪናዋን አከርካሪ መቁረጥ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የግራውን ሳጥን ያስቆረጥኩት ፊትና ኋላዋን ብቻ በክሪክ አስደግፌ ነበር፤ ተበይዶ እስኪያልቅ ድረስም በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም። በሩን ስሰቅለው ግን በበሩና በኋላው ምሰሶ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ወረቀት እንኳ አያስገባም፤ ከታች ደግሞ አመልካች ጣቴ ገባ። መሐሏ ጎብጦ ስለ ነበር ሁለቱ የበር ምሰሶዎች ከላይ ወደ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተዋል። የተበየደውን ሁሉ እንደ ገና ቆርጬ እስካስተካክል ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ስለዚህ በሮቹ እንደ ተሰቀሉ ክፍተታቸውን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለክታችሁ ጻፉ። በየበሩ መግቢያ፣ በሩ እንዲዘጋ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ፣ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው ቱቦላሬ በይዱ፤ ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶም ሌላ አግድም ጨምሩ። የነዳጁን ጋን አውጡ፣ ባትሪውን ንቀሉ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሳትፈትሹ ሁለተኛውን አትንኩ። አዲሱን ሳጥን መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ አስይዙት፤ ከዚያ በሩን ዘግታችሁ ክፍተቱን እንደ ገና ለኩ። እኔ በሁለተኛው ጊዜ የሻማ ማሸጊያ ካርቶን አጥፌ መለኪያ አደረግሁት፤ ካርቶኑ ከላይም ከታችም በእኩል ጥበት ሲያልፍ ብቻ ብየዳው እንዲቀጥል ፈቀድሁ። መስመሩን በአንድ ጊዜ መጨረስ ላሜራውን ስለሚያጣምመው፣ አጭር አጭር እየበየዳችሁ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ተመለሱበት። ለቀጭን ላሜራ በጋዝ የሚሠራው የሽቦ ብየዳ ከኤሌክትሮዱ እጅግ ይሻላል።

ከተራዋ ቮልስ የወለል ላሜራ፣ የፊት ኮፈንና ፓራፋንጎ ሊገጥም ይችላል። ሳጥኑና በሩ ግን አይገጥሙም፤ ይገጥማል ለሚላችሁ ሻጭ ገንዘብ አትክፈሉ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለወለሉ አይሆንም?

አይሆንም። እጅግ ቀጭን ነው፤ በላዩ ያለው ዚንክም ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይግዙ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ማጠፊያዎችና የጣሪያው ትናንሽ ብረቶች በብሩሽ አልጸዳ አሉኝ።

በፕላስቲክ ባልዲ በ10 ሊትር ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ያሟሙ። የዛገውን ዕቃ ከ12 ቮልት ባትሪ መሙያ ኔጌቲቭ ጋር፣ አንድ የማይፈለግ ተራ ብረት ከፖዘቲቩ ጋር አገናኝተው፣ ሁለቱ ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ ይንከሯቸው። በማግስቱ ዝገቱ በጨርቅ የሚጠረግ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። የማይዝግ ብረትን ግን በፖዘቲቩ በኩል ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ያወጣል። ሥራውም የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስለሚፈጥር ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ይደረግ። የጸዳው ብረት በሰዓታት ውስጥ መልሶ ስለሚቀላ፣ አድርቀው በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀቡት።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ቀለሙን መቼ ልቀባ?

በሐምሌና በነሐሴ የትም ቢሆን አይቀባም። በጥቅምትና በኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱ ውርጭ ስለ ሆነ፣ እኔ የቀባሁት ላሜራው በፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እርስዎ ቆላ ስለ ሆኑ ችግርዎ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና ሻካራ ይሆናል፤ ስለዚህ ማለዳ በጥላ ይቅቡ። ስቱኮ (ከቀለም በፊት የላሜራውን ጉድጓድ የሚሞላው ልስን) በባዶ ዝገት ላይ የሚለጠፍ ነገር አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ዝገት በአንድ ክረምት ያነሣዋል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት፣ እኚሁ ጠያቂ)፦ ሳጥኑ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ባፈስበትስ?

ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ዘይቱ የማሸጊያ ጎማዎችን ያበላሻል፣ ወደ ፊት ብየዳ ቢያስፈልግም ይቀጣጠላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ሰም መሰል መከላከያ ይርጩበት፤ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹም እንዳይደፈኑ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ የጣሪያውን ሸራ ከጭነት መኪና ሸራ ላሰፋው እችላለሁ? በውስጡስ የመንዝ ሱፍ ቢገባበት?

የጭነት መኪና ሸራ በብርድ ስለሚደድር በመታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ወፍራም የተሸመነ ሸራ ይፈልጉ። ሱፉ በሐሳብ ደረጃ ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን ውሃ ይይዛል፣ ብል ይበላዋል፣ ተጫጭኖም ይጠቀጠቃል። በጥንቱ ሥራ የሚገባው የፈረስ ፀጉር የሚመረጠው ተጭኖ መልሶ ስለሚነሣ ነው። ከሁሉም በላይ፣ በሮቹና መስኮቶቹ በትክክል ሳይገጥሙ ሸራውን አያሰፉ፤ በጎበጠ አካል ላይ የተሰፋ ሸራ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያፈስሳል፣ ወለሉም እንደ ገና መዛግ ይጀምራል። እርጥብ ሸራ አጥፈው አያሳድሩ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሥራው አልቋል። ጣሪያውን ከፍቼ ቤተሰቤን ይዤ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና መውረድ እፈልጋለሁ። ምን ይቀረኛል?

እንኳን ደስ አለዎት። የሚቀርዎት ፍሬኑ ነው። ለዓመታት በቆመች መኪና የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ከውጭ ደኅና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፤ አራቱንም ይቀይሯቸው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ ይተንና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል፤ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው አዲስ ይሙሉ። ከጣርማ በር ዋሻ በኋላ ባለው ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ደብረ ሲና ሲደርሱም እጅዎን ወደ አራቱ ቸርኬዎች ጠጋ አድርገው ሙቀታቸውን ይፈትሹ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ተጣብቋልና ሳያስፈቱት ወደ ላይ አይመለሱ።