«ኮዴ ይሠራል፣ ታዲያ ለምን ዘጉብኝ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ስህተት አስተካክለሽ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ላክሽ። ኮዱ ይሠራል፣ ቴስቱም አልፏል። ሜንቴይነሩ (ፕሮጀክቱን የሚጠብቀው ሰው) ግን «የኛን ስታይል አልተከተልሽም፣ ለውጦቹም ተደባልቀዋል» ብሎ ዘጋብሽ። «ይሄ ሕግ ነው ወይስ ንቀት?» ብለሻል። «ተያቸው፣ ኮዱን ቀድተሽ (ፎርክ አድርገሽ) የራስሽን ሥሪ» ያሉሽም አሉ። እኔ አልስማማም።

እኔም ተዘግቶብኛል። ያውም በገዛ ጥፋቴ።

ነገሩ የጳጉሜ ነው። ቀን ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚቀይር አንድ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ነበር። ስሙን አልጠራውም። እንደምታውቂው የኛ ዓመት ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈው ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ ተከታዩ እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 የዋለውም ለዚያ ነው። ላይብረሪው ግን ቀሪው 0 የሆነውን ዓመት ነበር የሚፈልገው። ጳጉሜ 6ን መስከረም 1 ይላታል። ያስተካከልኩት ሦስት መስመር ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ላኩት።

በማግስቱ አንድ አረፍተ ነገር መልስ መጣ፦ «የቱን መስመር ላንብብ?»

ተናደድኩ። ከዚያ ዲፉን (የተቀየረውን የሚያሳየውን ዝርዝር) ከፍቼ ሳየው ስድስት መቶ ምናምን መስመር ተቀይሯል። ኤዲተሬ ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ፋይሉን በራሱ ፎርማት እንዲያደርግ አድርጌው ረስቼዋለሁ። እነሱ ነጠላ ጥቅስ ይጠቀማሉ፣ የኔ ኤዲተር ሁሉንም ድርብ አደረገው። ታቡን ሁሉ ስፔስ አደረገው። የኔ ሦስት መስመር እዚያ ውስጥ ጠፍታለች። እኔ ብሆን ኖሮ መልስም አልሰጥም ነበር።

«ለስፔስና ለታብ ይህን ያህል ማካበድ ምንድን ነው?» ብለሽ የጻፍሽው እዚህ ጋ ነው የሚፈታው። ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም። የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘው ጊት፣ ጊት ብሌም የሚባል ትዕዛዝ እንዳለው ታውቂያለሽ። እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነና በየትኛው ኮሚት (ተመዝግቦ የተቀመጠ ለውጥ) እንደነካው ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ መስመር ችግር ሲፈጥር ሜንቴይነሩ «ይሄ ለምን ተጻፈ?» ብሎ ይፈልጋል። የሚያገኘው ግን የመጀመሪያውን ምክንያት ሳይሆን ያንቺን ፎርማት ያደረገ ኮሚት ነው። ከ2019 ወዲህ (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጅ ነው) ጊት እንዲህ ያሉ ኮሚቶችን በአንድ ፋይል ተመዝግበው ሲያገኛቸው መዝለል ይችላል። ግን ያ ፕሮጀክቱ ራሱ ወስኖ ፎርማት ሲያደርግ የሚያዋጣ ነገር ነው፤ መንገደኛ ላመጣው አይሆንም። በዚያ ላይ ጥገናውን ወደ ቆዩ ቨርዥኖች ሲወስዱት፣ የነካሽው ስፔስ ሁሉ ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሌሎች ሰዎች ልከውት ወረፋ የሚጠብቀውም እንዲሁ። የዌብሳይት መሥሪያው ሬይልስ እኮ በመመሪያው ላይ፣ መልክ ብቻ የሚያሳምርና ለአሠራሩ ምንም የማይጨምር ለውጥ በአብዛኛው እንደማይቀበል በግልጽ ጽፎታል።

ሠርግ ቤት ልታግዢ ብትሄጂ ዋናዋ ወጥ ሠሪ «ሽንኩርቱ ይድቀቅ» ካለች ታደቅቂዋለሽ። ወጡ ቢበላሽ የምትጠየቀው እሷ ናት፣ አንቺማ ማታ ቤትሽ ገብተሻል።

ብዙ ደንቦች ደግሞ የኋላ ታሪክ አላቸው። ሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ፓች፣ ማለትም የኮድ ለውጥ፣ የሚቀበለው በኢሜይል ነው፤ አባሪ ሳይሆን እዚያው መልእክቱ ውስጥ፣ ተራ ጽሑፍ ሆኖ። ያረጀ ይመስላል። ግን አንባቢው መስመር በመስመር ጠቅሶ መልስ መስጠት እንዲችል ነው። ከሥር «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የምትል መስመርም ትፈለጋለች። ጀማሪ ሰው ፎርማሊቲ ይመስለዋል። የመጣችው በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ኤስሲኦ የተባለ ኩባንያ «ሊነክስ ውስጥ የኔ ኮድ አለ» ብሎ አይቢኤምን ከሶ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮድ የላከ ሰው «ይህን የመስጠት መብት አለኝ» ብሎ እንዲፈርም ተደረገ። አንዷ መስመር የፍርድ ቤት ጣጣ ተሸክማለች ማለት ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ ምክንያት አለው ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንዱ ምርጫ ብቻ ነው። እዚያው ከርነል ውስጥ የኔትወርክ ክፍሉ ሰዎች በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ያሉ ቫሪያብሎች ከረጅሙ መስመር ወደ አጭሩ እንዲደረደሩ ይፈልጋሉ። ስሙ ራሱ የተገለበጠ የገና ዛፍ ነው። ወደ ሌላ ክፍል ብትሄጂ ግድ የሚሰጠው ላታገኚ ትችያለሽ። እነዚሁ ሰዎች አዲስ ነገር የሚቀበሉበትን በር የመርጅ ጊዜ በሚሆነው፣ ማለትም አዲስ ኮድ ወደ ዋናው ከርነል በሚቀላቀልበት፣ ሁለት ሳምንት ይዘጉታል። በዚያ ሰሞን የላክሽው ምርጥ ኮድ ቢሆንም ይመለሳል። ይሄ ንቀት አይደለም፣ ቀን አለማየት ነው። ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ጭራሽ ከውጭ ሰው ኮድ አይቀበልም ማለት ይቻላል። ኮዱ ለሁሉም የተለቀቀ ነው፣ ማዕድ ቤቱ ግን ዝግ ነው። ይህን ሳያውቁ አንድ ሳምንት መድከም ያናድዳል።

ሜንቴይነሮች ለምን ይጠራጠራሉ ላልሽው፣ 2020ን ማስታወስ ይበቃል። ሃክቶበርፌስት የተባለው ዘመቻ በኦክቶበር ወር አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ቲሸርት ይሰጥ ነበር። ሰዉ ሪድሚ ፋይል (የፕሮጀክቱ መግለጫ) ላይ አንዲት ቃል እየጨመረ ይልክ ጀመር። ሜንቴይነሮቹ በቆሻሻ ተጥለቀለቁ። ወሩ ገና በገባ በሦስተኛው ቀን ደንቡ ተቀይሮ፣ ፈቅጃለሁ ያለ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር ተደረገ። በነጻ፣ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ የሚሠራ ሰው ያን ካየ በኋላ አዲስ ስም ሲያይ ፊቱ ቢኮሳተር አልፈርድበትም። ባለጌ ሜንቴይነር የለም አላልኩም። አለ። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2018 ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ገለል ብሎ ነበር። ላንቺ የተጻፈው መልስ ግን፣ እንደገለጽሽው ከሆነ፣ ደረቅ ነው እንጂ ስድብ የለበትም።

አሁን እኔ እንዴት እንደምሠራ ልንገርሽ። ኮንትሪቢዩቲንግ የሚለውን ፋይል (ለውጥ እንዴት እንደሚላክ የሚናገረውን) አነባለሁ፣ ግን እሱ ግማሹን ነው የሚነግርሽ። ቀሪው ያለው የተዘጉት ፑል ሪኩዌስቶች ውስጥ ነው። የተመረጁትን ሃያ ያህል፣ ሳይመረጁ የተዘጉትን አሥር ያህል አያለሁ። ሜንቴይነሩ ደጋግሞ የሚናገረው ነገር ወዲያው ይታያል። አንዱ «ቴስት የታለ» ይላል፣ ሌላው ኮሚቶቹ ወደ አንድ እንዲጠቃለሉ ይፈልጋል፣ ሌላው የኮሚቱ ርዕስ በትእዛዝ አንቀጽ ካልሆነ አያልፍም። ከዚያ የምነካው ፋይል ላይ ጊት ሎግ (የኮሚቶቹን ዝርዝር) አይቼ ርዕሶቹን እንዴት እንደሚጽፉ እኮርጃለሁ። መኮረጅ እዚህ ነውር አይደለም። ለውጡ ትልቅ ከሆነ ኮድ ሳልጽፍ ኢሹ (የመወያያ ገጽ) ከፍቼ እጠይቃለሁ። ጎ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስሠራ ብዙም አልጨነቅም፣ ኮዱን በአንድ መልክ የሚያስተካክለው ጎፍምት ክርክሩን ዘግቶታል።

ላንቺ ፑል ሪኩዌስት፣ በመጀመሪያ ኤዲተርሽን ፎርማት ከማድረግ ከልክዪው። ከዚያ ከነሱ ዋና ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) አዲስ ብራንች አውጪ። ጊት አድን በ«ፒ» ምርጫው ስታዢው ለውጡን ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ «ይግባ?» ይልሻል። ስህተቱን የሚያስተካክሉትን ብቻ አስገቢ። ከጥገናው ጋር የጨመርሽው የስም ለውጥ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ለብቻው በሌላ ቀን። ከመላክሽ በፊት ዲፉን እንደ ባዳ ሰው አንብቢው። የተዘጋው ላይ ክርክር አትጻፊ፤ «አመሰግናለሁ፣ ለያይቼ አዲስ ልኬያለሁ» ብለሽ አዲሱን ሊንክ ጣይለት።

የኔዋ ጳጉሜ ለሁለተኛ ጊዜ የሄደችው ሦስት መስመርና አንድ ቴስት ሆና ነው። ዘጠኝ ቀን አስጠበቀኝ። አሥረኛው ቀን ላይ ምንም ቃል ሳይጽፍ መርጅ አደረጋት።