የስድስት ወር ሂሳብ ስትዘጋ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ድርጅታችሁ የዱቄት ፋብሪካ፣ የጆንያ ማምረቻና የጭነት ትራንስፖርት አለው። ቦርዱ እስከ ታኅሣሥ 30 ያለውን የስድስት ወር ሂሳብ ጠይቋል። አንተ ደግሞ «የሦስቱን ትሪያል ባላንስ (የሂሳቦች ቀሪ ዝርዝር) ደምሬ፣ የዓመቱን ወጪና ግብር ለሁለት ከፍዬ ባቀርብስ?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ድሬ እንዲህ ዓይነት ድርጅት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እባክህ እንዲህ አታድርግ።

ስድስት ወሩን እንደ ዓመት መዝጊያ በራሱ ቀን ዝጋው። አይኤኤስ 34 (በዓመት መሃል የሚቀርብ ሂሳብን የሚመራው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ማሳጠር የፈቀደው አቀራረቡን ነው። አራቱ መግለጫዎች (የሀብትና ዕዳ፣ የትርፍና ኪሳራ፣ የካፒታል ለውጥና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት) በአጭሩ ይቀርባሉ፣ ማብራሪያውም ዋና ዋናው ይበቃል። ሀብትና ዕዳ የምትለካበት መንገድ ግን ከሰኔ 30ው የዓመት መዝጊያ አይለይም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእርስ በርስ ሽያጩ ላይ ነው። ጆንያ ማምረቻው በ20 ብር የሠራውን በ25 ብር ለዱቄት ፋብሪካው ይሸጣል እንበል። በስድስት ወሩ 100 ሺህ ጆንያ ሄደ። 2.5 ሚሊዮን ብሩ ከጠቅላላው ሽያጭም ከወጪውም ይሰረዛል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ስቶር የቀረው ነው። 30 ሺህ ጆንያ ገና ዱቄት ፋብሪካው መጋዘን ካለ፣ በጆንያ 5 ብር የተጨመረው 150 ሺህ ብር ገና ያልተገኘ ትርፍ ነው፤ ጆንያው ከድርጅቱ አልወጣማ። ከክምችቱም ከትርፉም ቀንሰው።

ቆጠራውን ቀድመህ አስብበት። ታኅሣሥ 30 አብዛኛውን ጊዜ የገና ማግስት ስለሆነ መጋዘን ውስጥ ሰው አታገኝም። አንድ ዓመት እኛ ጋ ስንዴ ከጅቡቲ መጥቶ ታኅሣሥ 27 ተራገፈ። ትራንስፖርቱ ገቢውን በታኅሣሥ መዘገበ። ዱቄት ፋብሪካው ደግሞ ደረሰኙ በጥር ስለደረሰው ማጓጓዣውን በጥር ያዘው። ልዩነቱን ለማግኘት ሳምንት ሙሉ ቫውቸር ስናገላብጥ ከረምን። ከዚያ ወዲህ ከገና ሁለት ሳምንት በፊት ክፍሎቹ የእርስ በርስ ሂሳባቸውን አመሳክረው እንዲፈራረሙ አደርጋለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚቀረው ጥቂት ነው፣ እሱንም በስልክ እናጠራዋለን።

ሥራ አስኪያጁ «ግንቦት ላይ ትልቅ ጥገና አለ፣ ግማሹን አሁን ያዝልኝ» ሊልህ ይችላል። ለእኔም ተብዬ አውቃለሁ። ሊሠራ የታሰበ ጥገና ገና ዕዳ አይደለም፤ ግዴታው ሳይፈጠር አይያዝም። በተቃራኒው ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ገበያው ቀዝቅዞ ከነበረ፣ ከፋሲካ በፊት የሚጠበቀውን ሽያጭ ጎትተህ አታስገባ። ቅዝቃዜውን በማብራሪያው ጻፈው፣ ቦርዱ ይረዳሃል።

ግብሩ ላይ 30 በመቶን ዝም ብለህ አታባዛ። መጀመሪያ የዓመቱን ገምት። የዓመቱ ትርፍ 40 ሚሊዮን፣ ተቀናሽ የማይሆኑ ወጪዎች ተጨምረው ግብሩ 13.2 ሚሊዮን ይሆናል ብለህ ካሰብክ፣ መጠኑ 33 በመቶ ነው። የስድስት ወሩ ትርፍ 15 ሚሊዮን ከሆነ 4.95 ሚሊዮን ትይዛለህ። ሦስቱ የተለያዩ ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበራት ከሆኑ ግን ለየብቻ አስላው። የአንዱ ኪሳራ የሌላውን ግብር አይቀንስም።

የመለዋወጫ ዕዳችሁ በዶላር ከሆነም በታኅሣሥ 30 ምንዛሪ ተምነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ «እስከ ሰኔ ብሩ ያገግማል» ብለው ልዩነቱን ማቆየት የፈለጉ ነበሩ። አይቻልም፣ ኪሳራው በዚያው ስድስት ወር ይገባል።

ማነጻጸሪያውንም አደራ። ትርፍና ኪሳራውን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ስድስት ወር ጋር ታስተያያለህ። የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ግን ካለፈው ሰኔ 30 ጋር ነው። ትሪያል ባላንሶቹን ስታገኝ የእርስ በርሱን ዝርዝር እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።