ሴቭ ያደረግኩት ኮንፊግ የት ገባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም አንባቢዎቻችን። ለዚህ እትም ከመጡት ጥያቄዎች ሶስቱ ስለ ሲስኮ ራውተር ስለሆኑ አንድ ላይ አምጥቻቸዋለሁ። ኮማንዶቹን እንደሚነበቡት በኛ ፊደል ነው የጻፍኳቸው፣ ራውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፣ ስፔሊንግ ከጠፋባችሁ የቃሉን መጀመሪያ ጽፋችሁ ታብ ተጫኑ ራሱ ይጨርስላችኋል፣ የጥያቄ ምልክት ስትጫኑ ደሞ እዛ ቦታ ላይ ምን ምን መጻፍ እንደሚቻል ይዘረዝርላችኋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። አዳማ ውስጥ 12 ኮምፒውተር ያለው ትንሽ ማሰልጠኛ አለኝ። ያገለገለ ሲስኮ 1941 ራውተር ገዛሁ፣ ፓስወርድ ነበረበትና ሻጩ እዛው ሱቁ ውስጥ በላፕቶፕ ፓስወርዱን አንስቶ ሰጠኝ። ከዛ ቪዲዮ እያየሁ ስም ሰጠሁት፣ አይፒ ሰጠሁት፣ ኢንተርኔት ሰራ። ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ልክ እንደ አዲስ ዕቃ የመጀመሪያውን ሴቲንግ አሁን ልታስገባ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ሴቭ አላደረግክም እንዳትሉኝ፣ «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ» ብዬ ኦኬ ብሎኛል፣ እሱንም ሶስት ጊዜ ነው የሞከርኩት። ዩፒኤስ ገዛሁለት፣ እሱም መብራቱ ሲቆይ ያልቃል። ዕቃው ተበላሽቷል? ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ አትጣለው ወንድሜ፣ ዕቃህ ደህና ነው። ፍንጩን ራስህ ጽፈኸዋል፣ ሻጩ ፓስወርዱን አንስቶ ሰጠኝ ያልከው ላይ ነው ነገሩ ያለው።

ራውተሩ ውስጥ ሁለት ኮንፊግ፣ ማለትም የሴቲንጎቹ ዝርዝር፣ አለ። አንዱ ራኒንግ ኮንፊግ የሚባለው ነው፣ አሁን በዚህ ሰዓት እየሰራ ያለው፣ ራም ላይ ነው የሚቀመጠው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሌላው ስታርታፕ ኮንፊግ ነው፣ ኤንቪራም በሚባለው ሜሞሪ ላይ ስለሚቀመጥ መብራት ቢሄድም አይጠፋም፣ ራውተሩ ሲነሳ እሱን አንብቦ ወደ ራም ይገለብጠዋል። አንተ ኮፒ ስታደርግ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ገልብጠሃል፣ ትክክል ነህ። ግን ራውተሩ ሲነሳ ስታርታፑን ያንብብ አያንብብ የሚወስን ኮንፊገሬሽን ሬጅስተር የሚባል ቁጥር አለ። ኖርማሉ 0ኤክስ2102 ነው። ፓስወርድ የጠፋበት ሰው ደግሞ ራውተሩን አጥፍቶ አብርቶ በመጀመሪያው 60 ሰከንድ ውስጥ ብሬክ የሚባለውን ምልክት ከኪቦርድ ይልካል፣ ዋናው ሶፍትዌር ሳይነሳ የሚገባበት ሮሞን የሚባል ቦታ ይገባል፣ እዛ ላይ «ኮንፍሬግ 0ኤክስ2142» ብሎ ሪሴት ያደርገዋል። ከዜሮ ወደ አራት የተቀየረችው አንዷ ቁጥር ናት ራውተሩን ስታርታፑን ዝለለው የምትለው፣ ስለዚህ የድሮውን ፓስወርድ ሳያይ ባዶ ሆኖ ይነሳል። ሻጩ ይሄን አድርጎ ቁጥሩን ወደ ቦታው ሳይመልስ ነው የሸጠልህ። አንተ ሴቭ ያደረግከው እዛው አለ፣ ራውተሩ ግን በተነሳ ቁጥር ሳያነበው ያልፋል።

ለማረጋገጥ «ሾው ቨርዥን» በልና መጨረሻ መስመር ላይ እይ፣ 2142 የሚል ከሆነ ያልኩህ ነገር ነው።

አሁን ስታስተካክል ተጠንቀቅ፣ እንደገና ከዜሮ መጻፍ አያስፈልግህም። ራውተሩ ባዶ ሆኖ ሲነሳ ለሚጠይቅህ ጥያቄ «ኖ» በል፣ «ኢኔብል» ብለህ ግባ፣ ከዛ ምንም ሴቭ ሳታደርግ መጀመሪያ በተቃራኒው «ኮፒ ስታርታፕ ኮንፊግ ራኒንግ ኮንፊግ» በል። ባዶውን ኮንፊግ ቀድመህ ሴቭ ካደረግከው ያለህን ይሸፍነዋል፣ ያኔ እውነትም ይጠፋል። ኮፒው ሲያልቅ ራውተሩ የሰጠኸውን ስም ይዞ ይመጣል፣ ኢንተርኔቱ ግን አይሰራም፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ምክንያቱ የሲስኮ ራውተር ፖርቶች ከባዶ ሲነሳ ዝግ ናቸው፣ ኮንፊጉን በዚህ መንገድ ስታመጣው የተዘጋውን ፖርት አይከፍተውም። «ኮንፊገር ተርሚናል» በልና በየኢንተርፌሱ (በየፖርቱ ማለት ነው) እየገባህ «ኖ ሻትዳውን» በላቸው። እዛው ኮንፊግ ውስጥ እያለህ «ኮንፊግ ሬጅስተር 0ኤክስ2102» ብለህ ውጣ፣ አሁን ወደ ስታርታፕ ኮፒ አድርግ፣ ደግመህ «ሾው ቨርዥን» ስትል በሚቀጥለው ሪሎድ፣ ማለትም ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ፣ 2102 እንደሚሆን ይነግርሃል። «ሪሎድ» በልና ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሻጩ በደቂቃዎች ውስጥ ፓስወርዱን እንዳነሳው ሁሉ አንተ ማሰልጠኛ ውስጥም ራውተሩ አጠገብ ኬብል ይዞ የደረሰ ሰው ሁሉ ይሄንን ማድረግ ይችላል። ፓስወርድ በእጁ ሊነካው ከሚችል ሰው አያድንህም፣ ስለዚህ የሚቆለፍ ሳጥን ወይ የሚቆለፍ ክፍል ውስጥ አስገባው፣ ተማሪዎች እግር ስር አታስቀምጠው።

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት፣ ኔትወርክ በብዛት በወረቀት ነው የተማርነው። አሁን በገባሁበት ቢሮ ባዶ ራውተር ሰጥተውኝ በኮማንድ አስተካክይው ብለውኛል። ከየት ነው የምጀምረው? አንዳንዴ ትክክለኛውን ኮማንድ ጽፌ ራሱ አላውቀውም ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፣ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ኮማንዱን ሳይሆን ያለበትን ቦታ ነው። ከራውተሩ ስም ቀጥሎ ያለችውን ምልክት ሁሌ እያት። የቀስት ጫፍ የምትመስለዋ ከሆነች ማየት ብቻ ነው የተፈቀደልሽ፣ «ኢኔብል» ስትዪ ወደ መሰላል ምልክት ትቀየራለች፣ ያኔ ሁሉን ማየትና ሴቭ ማድረግ ትችያለሽ፣ ለመቀየር ግን «ኮንፊገር ተርሚናል» ብለሽ አንድ ደረጃ መግባት አለብሽ፣ ፖርት ለማስተካከል ደሞ ከዛም ውስጥ ወደ ኢንተርፌሱ። «ሾው» የሚጀምሩትን ኮንፊግ ውስጥ ሆነሽ ከፈለግሽ ፊት ለፊቱ «ዱ» ጨምሪበት።

ለመገናኘት ሰማያዊውን ኮንሶል ኬብል ነው የምትጠቀሚው። ላፕቶፕሽ የሚገባበት ፖርት ከሌለው የዩኤስቢ መቀየሪያ ግዢ፣ ላፕቶፑ ላይ በምትጭኚው ፑቲ የሚባል ፕሮግራም ላይ ሲሪያል ብለሽ ፍጥነቱን 9600 አድርጊው። ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ምልክት ከተዝረከረከ ፍጥነቱ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ጭራሽ ባዶ ከሆነ ኢንተር ተጫኚ፣ ካልሆነ ላፕቶፑ ለኬብሉ የሰጠውን የኮም ቁጥር ቼክ አድርጊ።

ከገባሽ በኋላ መጀመሪያ በ«ሆስትኔም» ስም ስጪው፣ ለወግ አይደለም፣ አምስት ራውተር ሲኖርሽ የትኛው ላይ እንዳለሽ የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው። ቀጥለሽ «ኖ አይፒ ዶሜን ሉክአፕ» በዪ። ይሄን ካላልሽ አንድ ቃል ስትሳሳቺ ራውተሩ የኮምፒውተር ስም መስሎት ሊፈልግ ይሄድና ቆሞ ይጠብቃል፣ እንደዛ ከያዘሽ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6 አንድ ላይ ተጫኚ ይለቅሻል። ለፓስወርድ «ኢኔብል ሲክሬት» ነው የምትጠቀሚው፣ «ኢኔብል ፓስወርድ» የሚለውን ተዪው፣ እሱ ኮንፊጉ ላይ በግልጽ ይጻፋል፣ «ሰርቪስ ፓስወርድ ኢንክሪፕሽን» ብትዪበት እንኳ በቀላሉ የሚፈታ ነው።

ወደ ፖርቶቹ ስትሄጂ ቢሮው በኩል ላለው ለምሳሌ «ኢንተርፌስ ጊጋቢት 0/1» ብለሽ «አይፒ አድሬስ 192.168.10.1 255.255.255.0» ከዛ «ኖ ሻትዳውን»። ይቺን የመጨረሻዋን አትርሺ፣ ለአዳማው ወንድማችን እንዳልኩት ራውተር ላይ ፖርት እስክትከፍቺው ዝግ ነው። ወደ ውጪ ለሚሄደው ፖርት፣ ለምሳሌ ጊጋቢት 0/0፣ ኢንተርኔት አቅራቢው የሰጣችሁን አድሬስ ታስገቢያለሽ፣ ከዛ «አይፒ ራውት 0.0.0.0 0.0.0.0» ብለሽ መጨረሻው ላይ የአቅራቢውን ጌትዌይ፣ ማለትም በሱ በኩል ያለውን ራውተር አድሬስ፣ ትጽፊያለሽ፣ ይሄ ራውተሩን መንገዱን የማታውቀውን ሁሉ ወደዚህ ላከው እንደማለት ነው። 192.168 የሚጀምሩ አድሬሶች ለግል ኔትወርክ የተተዉ ስለሆኑ ኢንተርኔት ላይ አይሄዱም፣ ስለዚህ የውስጡን አድሬስ ሲወጣ በውጪው አድሬስ የሚቀይር ናት የሚባል ነገር ያስፈልግሻል። ቢሮ በኩል ያለው ፖርት ላይ «አይፒ ናት ኢንሳይድ»፣ ውጪ በኩል ያለው ላይ «አይፒ ናት አውትሳይድ»፣ ከዛ ለየትኞቹ አድሬሶች እንደሚሰራ ለመንገር «አክሰስ ሊስት 1 ፐርሚት 192.168.10.0 0.0.0.255»፣ በመጨረሻ «አይፒ ናት ኢንሳይድ ሶርስ ሊስት 1 ኢንተርፌስ ጊጋቢት 0/0 ኦቨርሎድ»። አክሰስ ሊስቱ ላይ ያለው ማስክ (ከአድሬሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር) ፖርቱ ላይ ከጻፍሽው ግልባጭ መሆኑን አስተውዪ፣ 255 የነበረው ዜሮ ዜሮ የነበረው 255 ነው፣ እዚህ ጋ የተሳሳተ ሰው ቀኑን ሙሉ ኬብል ሲፈትሽ ይውላል።

ሲያልቅ «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» በዪ። ሁለት አፕ ካየሽ ጥሩ ነው። አድሚኒስትሬቲቭሊ ዳውን ካለ አልከፈትሽውም ማለት ነው፣ ሁለቱም ዳውን ከሆኑ ደሞ ኬብሉን ወይ ወዲያ ጫፍ ያለውን ዕቃ እዪ። ከዛ ሴቭ አድርጊ፣ «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ»።

ከርቀት የምትገቢበትን ቴልኔት አታድርጊው፣ ፓስወርድሽ በኬብሉ ላይ እንዳለ ግልጽ ሆኖ ነው የሚሄደው። የሚሄደውን ሁሉ በሚስጥር አድርጎ የሚልከውን ኤስኤስኤች አድርጊ፦ በ«አይፒ ዶሜን ኔም» የዶሜን ስም ስጪው፣ «ዩዘርኔም» ላይ ስምሽን ጽፈሽ «ሲክሬት» በሚለው ፓስወርድ ጨምሪበት፣ «ክሪፕቶ ኪ ጀነሬት አርኤስኤ» በዪና መጠኑን ሲጠይቅሽ 2048 በዪው፣ ከዛ ከርቀት የሚገባባቸው መስመሮች ወደሆኑት ወደ «ላይን ቪቲዋይ 0 4» ገብተሽ «ሎጊን ሎካል» እና «ትራንስፖርት ኢንፑት ኤስኤስኤች»። ሆስትኔሙን ቀድመሽ ካልቀየርሽው ቁልፉን አልሰራም ይልሻል። ይሄንም ጨርሰሽ ደግመሽ ሴቭ አድርጊ። ቢሮው ዕቃ ላይ ከመንካትሽ በፊት ሲስኮ በነጻ በሚሰጠው ፓኬት ትሬሰር በሚባለው የመለማመጃ ፕሮግራም ላይ ሙሉውን ሁለት ጊዜ ስሪው፣ እጅሽ ሲለምድ ነው ፍርሃቱ የሚለቅሽ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሆኜ ጂግጂጋ ያለውን የቅርንጫፋችንን ራውተር አይፒ በኤስኤስኤች መቀየር እፈልጋለሁ፣ ብሳሳትና ቢቆረጥብኝ እዛ የሚያውቅ ሰው የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥያቄህ ልቤን ነካው፣ እኔም ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ሆኜ ሩቅ ያለ ቅርንጫፍ ራውተር ላይ አንድ መስመር ቀይሬ ኢንተር ስል ስክሪኑ ቆመ፣ በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ አውቶብስ ተሳፈርኩ፣ እዛ ደርሼ የሰራሁት ስራ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሰራተኞቹ ግን አንድ ቀን ሙሉ ያለ ሲስተም ደንበኛ ሲመልሱ ዋሉ፣ እሱ ነው እስከዛሬ የሚቆጨኝ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ምንም ሳልነካ የሚሰራውን ኮንፊግ ሴቭ አደርጋለሁ፣ ሬጅስተሩም 2102 መሆኑን በ«ሾው ቨርዥን» አያለሁ፣ ከዛ «ሪሎድ ኢን 10» እላለሁ፣ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ያበራል ማለት ነው። ከዛ ለውጡን አስገባለሁ፣ ሴቭ ግን አላደርግም። ከተቆረጠብኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ 10 ደቂቃው ሲሞላ ራውተሩ ተነስቶ የድሮውን ስታርታፕ ያነባል፣ በድሮው አይፒ እገባለሁ። ለውጡ ከሰራና በአዲሱ አይፒ ከገባሁ ደሞ «ሪሎድ ካንስል» ብዬ ሴቭ አደርጋለሁ። ካንስሉን እንዳትረሳው፣ ከረሳኸው ሴቭ ያላደረግከው ለውጥ ይጠፋል፣ ሰራተኞቹም ስራ መሃል ላይ ይቆረጥባቸዋል። የምትቀይርበትን ሰዓትም ከስራ ሰዓት ውጪ አድርገው፣ እዛ ላለ አንድ ሰውም ደውለህ ንገረው፣ ምናልባት ራውተሩን ነቅሎ መሰካት ቢያስፈልግ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ቀድሞ ይወቀው።